አዲስ የተከላችሁት ማጣፈጫ ቅጠል ምን ውስጥ ይገባል? ሲተርፍስ እንዴት ይቆያል?

ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታና ከቱሉ ዲምቱ ወገን ጓሮ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «ከችግኝ መሸጫ ኦሬጋኖ፣ ሴጅ፣ ቲም፣ ፓርስሊ፣ ዲል ብለው ሸጡልን። ጸደቀ፤ አድጎም መደቡን ሞላው። አሁን ምን ውስጥ እንጨምረው? የተረፈውንስ እንዴት እናስቀምጠው?» ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ ነው።

የሁሉንም ጠባይ መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። ቅጠሉ ለስላሳ ነው ወይስ ጠንካራ? ይህን ከለያችሁ ድስት ውስጥ መቼ እንደሚገባም፣ እንዴት እንደሚቀመጥም ታውቃላችሁ። ከታች ያለው ሥራ ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ስለታም መቀስ ወይም ቢላዋ
- በርበሬና ቅመም ያልተሰፈረበት ንጹሕ ሰፌድ፣ 2 ወይም 3
- ስስ ነጭ ጨርቅና ንጹሕ የትራስ ልብስ
- ክር፣ እንዲሁም የወረቀት ከረጢት
- ክዳናቸው ጥብቅ የሚል የማርማላታ ጠርሙሶች፣ ታጥበው በደንብ የደረቁ
- የበረዶ መሥሪያ ትሪና ወፈር ያለ የፕላስቲክ ከረጢት
- ደቃቅ ጨው፣ የምግብ ዘይት፣ 5 በመቶ አሲድ ያለው አቼቶ
- ትንሽ የኩሽና ሚዛን
- ፕላስተርና እስክሪብቶ

ሚዛኑ ለጨው ሥራ የግድ ነው፤ እዚያ በዓይን መገመት ያበላሻል። ለሌላው ማንኪያ ይበቃል።

1. መጀመሪያ ማንነቱን አረጋግጡ

ችግኝ ሻጭ የነገራችሁን ስም ብቻ ይዛችሁ ድስት አትጣዱ። ችግኝ ይቀላቀላል፣ ስምም ይሳሳታል። አንድ ቅጠል በጣታችሁ አሽታችሁ አሽትቱት፤ ቅርጹንም ተመልከቱ።

ኦሬጋኖ ትንሽ፣ ክብ ቢጤ፣ ፀጉር ያለው ቅጠል ነው፤ ሽታው ወደ ጦስኝ ይሄዳል፣ ግን ይከብዳል። ቲም የጦስኝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ጦስኝ የምታውቅ አፍንጫ ወዲያው ትለየዋለች። ሮዝመሪ የሚባለው ሌላ ሳይሆን የጥብስ ቅጠል ነው፤ በዚህ ስም የገዛችሁ ካላችሁ አዲስ ነገር አልገዛችሁም። ሴጅ እንደ ምላስ ረዘም ያለ፣ አመድማ፣ ሲዳሰስ ከፋይ ጨርቅ የሚመስል ቅጠል አለው። ፓርስሊ የድንብላል ቅጠል ይመስላል፤ ሲታሽ ግን የድንብላልን ሽታ አይሰጥም። ዲል እንደ እንስላል ክር ክር ያለ ነው። ባሲል ተብሎ የሚሸጠው ሰፊ ቅጠሉ ደግሞ የበሶብላ ዓይነት ነው። ልዩነቱ እኛ በሶብላን በብዛት የምንፈልገው ለደረቀው አበባው ሲሆን ባሲልን ግን ለእርጥብ ቅጠሉ መሆኑ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍግ በበዛበት ጓሮና ቆሻሻ በሚጣልበት ዳር አስተናግር ራሱን ችሎ ይበቅላል። ቅጠሉ ሰፊና ጠርዙ የተቆራረጠ፣ አበባው ነጭ ጥሩምባ፣ ፍሬው እሾሃም ነው። ሁለመናው መርዝ ነው፣ ፍሬው ደግሞ ይብሳል። ከካሮትና ከፓርስሊ ወገን የሆኑ የዱር ተክሎችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ይገድላሉ። ስለዚህ ፓርስሊና ዲል ስትቀጥፉ በእጃችሁ ዘርታችሁ ወይም ተክላችሁ ካሳደጋችሁት መደብ ብቻ ይሁን። ከቦይ ዳር የበቀለ «ፓርስሊ የሚመስል» ነገር፣ በተለይ ለስላሳ ግንዱ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ፣ በባዶ እጅ አትንኩት።

ማንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ እንዲህ ቅመሱት። አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ በለዘብተኛ እሳት አሙቁ፤ አንድ ቅጠል ከትፋችሁ ጣሉበት፤ ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ በቁራሽ እንጀራ ጥቀሱት። ኦሬጋኖና ሴጅ ጥሬውን ሲቀመሱ ምላስ ያቃጥላሉ፣ ይመርራሉ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። መዓዛቸው የሚሟሟው በስብ ስለሆነ ድስት ውስጥ የሚሰጡትን ጣዕም የምታገኙት በዚህ መንገድ ነው።

2. ለስላሳውንና ጠንካራውን ለዩ

ግንዱን እጠፉት። እንጨት እንጨት ካለና ቅጠሉ ትንሽ፣ ወፍራም ወይም ፀጉራም ከሆነ ጠንካራ ነው፦ የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ፣ ቲም፣ ኦሬጋኖ፣ ሴጅ፣ ኮሰረት። ግንዱ ውሃ የቋጠረና ቅጠሉ ከተቀጠፈ በሰዓታት ውስጥ የሚጠወልግ ከሆነ ለስላሳ ነው፦ ፓርስሊ፣ ባሲል፣ ዲል፣ የድንብላል ቅጠል፣ ናና፣ ቺቭስ (የሽንኩርት ወገን የሆነ ቀጭን ቅጠል)።

ጠንካራው ውሃው ጥቂት ነው፤ መዓዛውም ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ እሳት ይችላል፣ ሲደርቅም ይጠነክራል እንጂ አይጠፋም። ለስላሳው አብዛኛው ውሃ ነው፤ እሳት ሲነካው መዓዛው በእንፋሎት ይሄዳል፣ ሲደርቅ ደግሞ ጭድ ጭድ ይላል። ናና ከለስላሶቹ ተለይቶ መድረቅ ይችላል። በሶብላም ቅጠሉ ለስላሳ ሆኖ የአበባ ራሱ ግን ለማድረቅ የተመቸ ነው።

3. በሰዓቱ ቅጠፉ

ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቅጠፉ። ጤዛ እያለ የተቀጠፈ ሲደርቅ ይሻግታል፤ ቀትር ላይ የተቀጠፈው ደግሞ ጠውልጎ መዓዛው ቀንሶ ይገባል።

አበባ ሊይዝ ሲል ነው ቅጠሉ ኃይለኛ የሚሆነው። በሶብላ ብቻ ይለያል፤ እሱን የምትቆርጡት የአበባው ራስ ከታች ቡናማ መሆን ሲጀምር ነው።

ከአንድ ተክል በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትውሰዱ። ሁለት ቅጠል ትይዩ ከወጣበት አንጓ ከፍ ብላችሁ ቁረጡ፤ ከዚያ አንጓ ሁለት አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል። ፓርስሊ ግን ከዳር ያለው ዘንግ ከሥሩ ይቆረጣል፤ አዲሱ የሚወጣው ከመሐል ስለሆነ መሐሉ አይነካም። የጥብስ ቅጠልና ሴጅ ላይ ቅጠል አልባ እስከሆነው አሮጌ እንጨት ድረስ ከወረዳችሁ ያ ቅርንጫፍ ብዙውን ጊዜ ዳግመኛ አያቆጠቁጥም።

ሱሉልታና ሆለታ ላላችሁ፦ ውርጭ ባሲልን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ኅዳር ከመግባቱ በፊት ያለውን ሰብስባችሁ ወደ ፍሪዘር አስገቡት። የጥብስ ቅጠል፣ ቲም፣ ሴጅና ፓርስሊ ብርዱን ይችሉታል።

4. እጠቡ፣ ውሃውንም አራግፉ

በትልቅ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሯቸው፣ አወዛውዙ፣ ቅጠሉን ከላይ አንሱ። ውሃውን ከነቅጠሉ ከደፋችሁት ከታች የተቀመጠው አሸዋ ተመልሶ ይገባበታል። ውሃው እስኪጠራ 2 ወይም 3 ጊዜ ድገሙት።

ከዚያ ቅጠሉን በትራስ ልብስ ውስጥ አድርጋችሁ አፉን ጨብጡ፤ ደጅ ወጥታችሁ ክንዳችሁን እያዞራችሁ 20 ጊዜ ያህል አወንጭፉት። ውሃው በጨርቁ ይወጣል። ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ለአንድ ሰዓት ተዉት። ይህን የዘለለ ሰው የደረቀው ይሻግትበታል፤ ፍሪዘር ያስገባውም አንድ የበረዶ ጓል ይሆንበታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጓሮው በአቃቂ ወንዝ ወይም ፍሳሽ በሚቀላቀልበት ሌላ ውሃ የሚጠጣ ከሆነ ቅጠሉን ጥሬውን ሰላጣ ላይ አታድርጉ። በአቼቶ መንከር ጀርሙን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨርሰውም። እንዲህ ያለው በደንብ ለሚበስል ወጥ ብቻ ይሁን። አጠገቡ ያለው ጎመን ወይም ቲማቲም ፀረ ተባይ ከተረጨም በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን እስኪያልፍ አትቅጠፉ።

5. አብስሉ

ጠንካራው ከቁሌቱ ጋር፣ ለስላሳው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው የሚገባው። ከታች ያለው መጠን ለ4 ሰው ነው።

ጥብስ፦ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ አንድ የጣት ርዝመት ያለው የጥብስ ቅጠል ታውቃላችሁ። ሴጅን መሞከር ከፈለጋችሁ የጥብስ ቅጠሉን ተዉና 4 የሴጅ ቅጠል በቀጭኑ ከትፋችሁ ሥጋው ቅቤውን ሲጠጣ ጨምሩ። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ፤ ሁለቱም ከባድ ስለሆኑ ሥጋው መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

የፓስታ ስጎ፦ 1 ኪሎ ቲማቲም ሲሆን 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ኦሬጋኖ። ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ፣ ከቲማቲሙ ቀድሞ፣ በመዳፋችሁ እያሻችሁ ዘይቱ ላይ በትኑት። ማሸቱ የታፈነውን መዓዛ ይከፍተዋል፤ ዘይቱ ደግሞ ይቀበለዋል። ቲማቲሙ ከተጨመረ በኋላ የገባ ኦሬጋኖ ግማሽ ጣዕሙ ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ለጾም ስጎ ሥጋ ስለሌለው ይህ ቅደም ተከተል የበለጠ ይታወቃል።

ድንች አልጫ፣ ክክ አልጫ፣ የምስር አልጫ፦ 3 ቀንበጥ ቲም በክር አስራችሁ እርዱ ከገባ በኋላ ጣሉ፤ ከመቅረቡ በፊት ክሩን ስባችሁ አውጡ። መታሰሩ እንጨቱ በጥርስ እንዳይገባ ነው። አልጫ ለአዲስ ቅጠል ከሁሉ የተመቸ ምግብ ነው፤ በርበሬ ስለሌለ የቅጠሉ ጣዕም ጥርት ብሎ ይወጣል።

እዚህ ላይ የከፍታችንን ነገር አስቡበት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሱሉልታ ላይ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ክክና ባቄላ ቆላ ካለው ይልቅ ብዙ ይቆያሉ። የውጭ አገር የምግብ አሠራር «የጥብስ ቅጠሉን ከባቄላው ጋር ጣሉ» ሲል ለአጭር መቀቀያ ጊዜ የታሰበ ነው። እኛ ጋ ያ ቅጠል ሁለት ሰዓት ተቀቅሎ ይመርራል። ባቄላው ሊበስል 20 ደቂቃ ያህል ሲቀረው አስገቡት።

ቀይ ወጥና ሹሮ፦ ፓርስሊና ዲል በርበሬ ውስጥ ይጠፋሉ፤ አታባክኗቸው። በርበሬውና የሹሮ ዱቄቱ በሶብላና ሌላም ቅመም ስላላቸው፣ የግድ መጨመር ካለባችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቲም ብቻ።

ለስላሶቹ እንዲህ ይሂዱ። ፓርስሊ 2 የሾርባ ማንኪያ ተከትፎ፣ ሾርባ ወይም ድንች አልጫ ከእሳት ከወረደ በኋላ። ዲል 1 የሾርባ ማንኪያ ለሩብ ኪሎ አይብ፣ ከቁንጥር ጨው ጋር። ቺቭስ የእንቁላል ፍርፍር ላይ፣ እንቁላሉ ሊረጋ ሲል። ባሲል ከ10 እስከ 15 ቅጠል፣ ቲማቲም ሰላጣ ወይም የተዘጋጀ ፓስታ ላይ። ባሲልን በደነዘዘ ቢላዋ አትክተፉት፤ የተጨፈለቀው ጠርዝ ወዲያው ይጠቁራል። በእጅ ቅደዱት።

ደረቅና እርጥብ ሲቀያየሩ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ በ1 የሾርባ ማንኪያ እርጥብ ይተካል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበስሉ ደግሞ በአንድ ድስት አንድ አዲስ ቅጠል ብቻ ይግባ፤ ሦስት ከቀላቀላችሁ የትኛው እንዳጣፈጠ፣ የትኛው እንዳበላሸ አታውቁም።

6. ጠንካራውን አድርቁ

ከ5 እስከ 6 ቀንበጥ በክር አስራችሁ፣ ቁልቁል አድርጋችሁ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ስቀሉ። እስሩ ከአውራ ጣት አይወፍር፤ ከወፈረ መሐሉ ሳይደርቅ ይሻግታል። አቧራ የሚበዛበት መንገድ ዳር ከሆናችሁ ጎኑ የተበሳሳ የወረቀት ከረጢት አልብሱት። የፕላስቲክ ፌስታል አይሆንም፤ እርጥበቱን መልሶ ያላብሰዋል።

ፀሐይ ላይ አታስጡ። በርበሬን የለመደ እጅ ቅጠሉንም ፀሐይ ላይ መዘርጋት ይቀናዋል። ፀሐይ ግን የቅጠሉን ቀለም ያነጣዋል፤ የምንፈልገውን መዓዛ የያዘውን ዘይትም ያተነዋል። የሚቀረው ቡናማ ብናኝ ነው።

በበጋ ቲምና ኦሬጋኖ ከ4 እስከ 7 ቀን፣ የጥብስ ቅጠል ከ5 እስከ 10 ቀን ይፈልጋሉ። ሴጅ ወፍራም ስለሆነ ይዘገያል፤ ቅጠል ቅጠሉን ለቅማችሁ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ዘርጉትና በየቀኑ አገላብጡ። በበልግ ዝናብ ሳምንት አትጀምሩ።

ክረምት ከገባ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሰቅሎ ማድረቅ አይታሰብም፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። የእንጀራ ቀን ግን መፍትሔ አለ። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ኤሌክትሪክ ምጣዱን ከሶኬት ንቀሉ። መዳፋችሁን ላዩ ላይ አሳርፋችሁ ሳትቃጠሉ 10 መቁጠር እስክትችሉ ይብረድ። ሁለት ጣውላ አጋድሙበትና ሰፌዱን በላዩ አስቀምጡ፤ ቅጠሉ በስስ ጨርቅ ይሸፈን። ምጣዱ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ አንሱና ደረቅ ክፍል ውስጥ አቆዩት። በአንድ ጊዜ ስለማይደርቅ በቀጣዩ ቀን ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ባለ ኦቭን፣ በሩ በእንጨት ማንኪያ ገርበብ ተደርጎ፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ጨርሱት። በጋለ ምጣድ ላይ በቀጥታ የተበተነ ቅጠል ይቆላል እንጂ አይደርቅም፤ ቤቱን የሞላው መዓዛ ከቅጠሉ የወጣው ነው።

መድረቁን እንዲህ ፈትሹ። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ከሽ ብሎ ይፈርሳል፤ ቀንበጡ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የሚታጠፍ ከሆነ ገና ነው። ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ከትታችሁ ግጠሙት፤ በማግስቱ ጠዋት የጠርሙሱን የውስጥ ግድግዳ በብርሃን ተመልከቱ። ጉም የመሰለ ላብ ካለበት ወይም ቅጠሉ ተጣብቆ ከተንሸራተተ ወዲያው አውጥታችሁ እንደገና አድርቁ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ይህን አድርጉ፤ ውስጡ የቀረ እርጥበት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።

ሻጋታ ካያችሁ ጠርሙሱን በሙሉ ጣሉ። የታየውን ለቅሞ ቀሪውን መጠቀም አይሆንም፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚተወው መርዝ በዓይን አይታይም፣ ወጥ ውስጥ ተቀቅሎም አይጠፋም።

ቅጠሉን ሳትፈጩ ሙሉውን አስቀምጡት፤ የምታደቁት በምታበስሉበት ሰዓት ነው። የተፈጨ ብዙ ገጽ ስላለው መዓዛው ቶሎ ይሸሻል። ከምድጃ የራቀ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ እስከ 1 ዓመት ይቆያል። በእጅ ታሽቶ የማይሸት ከሆነ ወጥም አያጣፍጥም።

7. ለስላሳውን ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ

ፓርስሊ፣ ዲልና ባሲልን ከትፉ። 3 ስኒ ጠቅጠቅ ያለ ቅጠል በ1 ስኒ ዘይት ለውሳችሁ የበረዶ ትሪ ውስጥ ሙሉና ወዲያው ፍሪዘር አስገቡ። ሲጠነክር አውጥታችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጉ፤ አየሩን አስወጡ። ዘይቱ ቅጠሉን ከአየር ስለሚለየው ቶሎ አይጠቁርም፤ መዓዛውንም ይይዛል። አንዱ ጓል ለአንድ ድስት ይበቃል፤ ሳይቀልጥ ወጡ ላይ ጣሉት። ከ3 እስከ 4 ወር ድረስ ጣዕሙ ጥሩ ነው።

ባሲል አረንጓዴነቱ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ከመክተፋችሁ በፊት የፈላ ውሃ ውስጥ 10 ሰከንድ ብቻ ነክራችሁ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ሙቀቱ ቅጠሉን የሚያጠቁረውን ኢንዛይም ይገድላል፤ ቀዝቃዛው ውሃ ደግሞ መብሰሉን ያቆመዋል።

መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቱ። የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት ያህል፣ ግማሽ ያህል የያዘ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ባዶ ቦታ ካለ በውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አስገቡበት። መብራት ሲመጣ ጓሉ ውስጥ በረዶ ካለ መልሶ ይቀዝቅዝ፤ ቀልጦ ለብ ካለ ጣሉት፤ ምክንያቱ ከታች ስለ ዘይት በተጻፈው ላይ አለ።

8. ፍሪዘር ከሌለ በጨው

200 ግራም የተከተፈ ለስላሳ ቅጠል፣ 50 ግራም ደቃቅ ጨው። ፓርስሊ ላይ ጥቂት ቺቭስና የቲም ቅጠል ብትጨምሩ ያምርበታል። በእጃችሁ አሹት፤ ውሃ ሲያወጣ ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቁትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ከሳምንት በኋላ ለምግብ ይደርሳል፤ 2 ወይም 3 ወር ይቆያል። በንጹሕና ደረቅ ማንኪያ ብቻ ጭለፉ።

ጨውን አትቀንሱ፤ ባክቴሪያን የሚይዘው እሱ ነው። ይልቅ ወጡ ላይ የምትጨምሩትን ጨው ተዉ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ከገባ መጀመሪያ ቅመሱ። የደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ ይህን መንገድ ዝለሉት።

9. ቅቤ ሲነጠር

ለ1 ኪሎ ለጋ ቅቤ ከተለመደው ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና እርድ ጋር 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ቲም ወይም አንድ የጣት ርዝመት የደረቀ የጥብስ ቅጠል መጨመር ትችላላችሁ። እርጥብ ቅጠል አይሁን፤ ቅቤ የሚነጠረው ውሃው እንዲወጣ ነው፣ እርጥብ ቅጠል ደግሞ ውሃ ይመልስበታል።

እሳቱ ለዘብ ይበል። መጀመሪያ አረፋው ይነሣል፣ ድስቱም ይንጨረጨራል፤ ያ ድምፅ ውሃው እየወጣ ነው ማለት ነው። አረፋው ሲከስም፣ ድምፁ ሲረግብና ዘይቱ ጠርቶ የድስቱ ሥር ሲታይ አውርዱ። ቅጠሉን የምትጨምሩት ድምፁ መርገብ ሲጀምር ነው። 15 ደቂቃ አስቀምጡና በስስ ጨርቅ አጥልሉ። ቅጠልና ዝቃጭ የቀረበት ቅቤ ቶሎ ይሸታል።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ እርጥብ ቅጠል በዘይት

እርጥብ ቅጠል ወይም ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። አፈር የነካው ሁሉ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ይችላል። ዘይት አየር ስለሚከለክል፣ አሲድም ስለሌለው፣ ያ ዘር ውስጡ ነቅቶ መርዝ ያመርታል። መርዙ ሽታም፣ ቀለምም፣ ጣዕምም ላይለውጥ ይችላል፤ ጥቂቱ ነርቭ ሽባ አድርጎ ይገድላል። ጠርሙሱን ከነዘይቱ መቀቀልም መፍትሔ አይደለም፤ ዘሩ በ100 ዲግሪ እንኳ አይሞትም፣ የእኛ ውሃ ደግሞ በ92 ነው የሚፈላው። እርጥብ ቅጠል የገባበት ዘይት ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ቀን አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ፍሪዘር።

ጠርሙስ ውስጥ ማቆየት ከወደዳችሁ በዘይት ፋንታ አቼቶ ተጠቀሙ። ሞቅ ያለ 2 ብርጭቆ አቼቶ በ4 ቀንበጥ ቲም ወይም ኦሬጋኖ ላይ አፍስሱ፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ጨለማ ቦታ አቆይታችሁ አጥልሉ። ለሰላጣ ይሆናል። አቼቶውን በውሃ አታቅጥኑ፤ የሚጠብቀው አሲዱ ነው።

ጤና ላይ መጠንቀቅ ያለበት

እርጉዝ ሴት ጤና አዳምን አትጠጣ፤ ሴጅንም በሻይ መልክ አታብዛ። ወጥ ላይ የገባ 3 ወይም 4 የሴጅ ቅጠል ሌላ ነገር ነው። ዋርፋሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ፓርስሊን በድንገት በብዛት መብላት አይጀምር፤ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቃረናል፤ ሐኪሙን ይጠይቅ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ስትቀጥፉ ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁንም ታጠቡ።

በብዛት የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

ባሲሉ ፍሪጅ ውስጥ ጠቆረ፦ ባሲል ብርድ አይችልም። እንደ አበባ ግንዱን ውሃ ባለው ብርጭቆ አቁሙት፣ ፍሪጅ ሳይገባ መስኮት ዳር ከፀሐይ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ። ፓርስሊና የድንብላል ቅጠል ግን በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው ፍሪጅ ይወዳሉ።

ወጡ መረረ፦ ሴጅ ወይም የጥብስ ቅጠል ቆይቶበታል ወይም ቅጠሉ ዘይት ላይ አርሯል። ያረረውን መልቀም አይጠቅምም፤ ምሬቱ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። በሚቀጥለው ጊዜ መጠኑን በግማሽ፣ ሰዓቱንም ወደ መጨረሻው አድርጉ። የዛሬው ድስት ላይ ድንች ጨምሩበት፤ ያለዝበዋል።

ኦሬጋኖው ምንም አይሸትም፦ ውሃና ፍግ ስለበዛበት ቅጠሉ ለምልሞ መዓዛው ቀጥኗል። ለጠንካራዎቹ ቅጠሎች ዳግም ውሃ ከመጠጣታቸው በፊት መሬቱ ይድረቅ፤ ፍግም አታብዙባቸው።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ጠፋን፦ ቲምና ኦሬጋኖ ደርቀው ሲፈርሱ አይለዩም። ፕላስተሩ ላይ ስሙን፣ የተቀጠፈበትን ወርና «ደረቅ» ወይም «ጨው ያለው» የሚለውን ጻፉ፤ የምትለጥፉትም ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጠርሙሱ ላይ ይሁን፤ ክዳን ይቀያየራል።